የመሪጌታ ሐብተ ማርያም እንቅልፍ

ጎንደር ውስጥ እንዲህ ይወራል። ግራጌታ ተክለ ጊዮርጊስ የመሪጌታ ሐብተ ማርያምን እንቅልፍ አሰረባቸው። እንዴት አሰረው ቢሉ፣ ከጥምጣማቸው ሥር ፀጉር ነቀለ፤ ጥቁር ቀንድ ውስጥ ከተተው፤ አፉን በሰም ደፈነና ቀሃ ወንዝ ወረወረው። ከዚያ ቀን ወዲህ መሪጌታ ዐይናቸውን ከድነው አያውቁም። ቀሃ ላይ ልብስ የሚያጥብ ሰው ግን ሳሙናውን እንደጨበጠ ያንቀላፋል። ዓሣው በጀርባው ተንጋሎ እያንኮራፋ ይወርዳል። ከወንዙ የጠጣች አንዲት በቅሎም ባለቤቷን እንደጫነች፣ ዐይኗን እንደጨፈነች፣ አዘዞ ደርሳ ተመለሰች አሉ።

ወሬው ሸጋ ነው፤ አልክድም። ፒያሳ ካለው ቡና ቤት ከዚህ ወሬ ጋር የጠጡት ቡና ስኳር አያስፈልገውም። ቢሆንም ጥርጣሬ አለኝ። አንደኛ፣ ቀንዱ ያድጋል። ጣሊያን በወጣ ማግሥት የፍየል የነበረው ቀንድ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ የበሬ ሆነ፤ ዘንድሮ የጎሽ ነው፤ በዚሁ ከቀጠለ ለመጪው ፋሲካ አውራሪስ ሊታረድ ነው። ሁለተኛ፣ መሪጌታ ራሰ በራ ናቸው። ከዚያ ጥምጣም ሥር የሚነቀል ፀጉር ቢገኝማ ከማንም በላይ የሚደሰቱት እሳቸው ነበሩ። ሦስተኛው ምክንያቴ ግን አያስቅም፤ እሱን ለመናገር የሰውየውን ኑሮ ከሥሩ ማንሳት ይኖርብኛል።

መሪጌታ ሐብተ ማርያም የወገራ ሰው ናቸው። ከአርባ አራቱ የጎንደር ታቦታት በአንዱ ደብር ያገለግሉ ነበር፤ የትኛው እንደሆነ አልናገርም፣ የቀሩት አርባ ሦስቱ እንዳይቀየሙኝ። መሪጌታ ማለት በማሕሌት ጊዜ ዜማውን የሚመራ ነው። በስተግራ የሚቆመውን ረድፍ የሚይዘው ደግሞ ግራጌታ ይባላል፤ ይኸውም ተክለ ጊዮርጊስ ነበሩ። ሁለቱ ድጓ የተማሩት ከአንድ መምህር እግር ሥር ነው። ቁራሽ የለመኑበት አኩፋዳ አንድ ነበር፤ ያባረራቸውም ውሻ አንድ ነበር። ተክለ ጊዮርጊስ በየድግሱ፣ "ውሻው ሐብቴን ሲነክሰው ያነከስኩት እኔ ነኝ" እያሉ ያወሩ ነበር። ሰው ይስቃል፤ መሪጌታም ያን የተነከሰ ባታቸውን ገልጠው እንደ ማኅተም ያሳያሉ።

የመሪጌታ ጎጆ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥግ ነበረች፤ በሯ ወደ ምሥራቅ፣ ጣራዋ ወደ ማፍሰስ። የግራጌታም ጎጆ ከጎኗ። ጠዋት ጠዋት መሪጌታ ከቅጥሩ ሥር አንድ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። ተማሪዎቹ ዙሪያቸውን ይኮለኮላሉ። ፀሐይ ከተራራው ብቅ ስትል ፊት ለፊት ትቀበላቸዋለች። የወገራ ሰው ብርድ ያውቃል፤ የጠዋት ፀሐይ ሳይሞቅ እንኳን ድጓ ሊያስተምር የገዛ ስሙንም አይናገርም። እስከ ረፋድ እዚያው ናቸው። ማታ ታዲያ ራታቸውን በልተው ጎናቸውን ካሳረፉ ጅብ ከደጃፋቸው ሠርግ ቢደግስ አይሰሙም። ሚስታቸው ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል፣ "የኔ ባል ሲተኛ ከነጎጆው ነው የሚተኛው፤ ግድግዳው እንኳ ይተነፍሳል" ይሉ ነበር።

እንግዲህ መዓቱ የመጣው በስጦታ መልክ ነው። የወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ወንድም ነጋዴ ነበር። አስመራ ገብቶ ሊኖር ሲነሣ፣ ፒያሳ አጠገብ ጣሊያን የሠራውን ቤቱን "ኑሩበት" ብሎ ለእህቱ ተወላት። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ከጣራው አምፖል ተንጠልጥሏል። ከሁሉ በላይ ደግሞ በምሥራቁ መስኮት ላይ፣ ጣሊያኖቹ ፐርሲያና የሚሉት፣ ቀጫጭን ጣውላ በአግድም የተደረደረበት መዝጊያ አለው። በዚያ ዘመን ፐርሲያና ማለት ማዕረግ ነበር። ፐርሲያና ያለው ሰው ደግሞ ይዘጋዋል፤ ክፍት ከሆነማ ከግድግዳው ጋር ተለጥፎ ማን ያየዋል? የሠፈሩ ሰው ሲያልፍ ቀና ብሎ፣ "የመሪጌታ መስኮት ዛሬም ተዘግቷል፤ አቤት ክብር!" ይላል። መሪጌታም ከውስጥ ይህን ይሰማሉ፤ በማግሥቱ አጥብቀው ይዘጋሉ።

ማስተማሩም ቤት ውስጥ ሆነ። ጠራራ ጠዋት ላይ አምፖሉ ይበራል፤ ተማሪዎቹ ግድግዳ ተደግፈው ያዜማሉ፤ ፀሐይ ውጭ ቆማ እንደ ባለጉዳይ ደጅ ትጠናለች። ከቤት ሲወጡ ደግሞ ጥቁር ጥላ ይዘረጋሉ። ጥምጣም ከነጥላው፣ ሰውየው በጠዋት ሲሄዱ ለራሳቸው ብቻ የተከራዩት ማታ ከላያቸው ያለ ይመስላል። በየማለዳው ስለ ብርሃን ዘምረው ዘምረው፣ ብርሃኑ ሲመጣ ጥላ ይከፍቱበታል።

ብዙም አልቆየ፣ እንቅልፋቸው ጠፋ። ሌሊት ሲጠሩት አይመጣም፤ ቀን ሳይጠሩት ከች ይላል። ተማሪ ቀለም ሲያሰማ ያንቀላፋሉ። ዝክር ላይ ጉርሻው አፋቸው ደጅ ደርሶ እዚያው ይቆማል፤ ይጎርሳሉ አይጎርሱም ብሎ ሰው ይወራረዳል።

"አንቱ፣ ምነው? ታመሙ እንዴ?" ይላሉ ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል።

"አልታመምኩም። እንቅልፍ ነው የታመመው።"

ጎንደር መካሪ አያጣም። አንዱ ትኩስ ወተት፣ አንዱ ተልባ፣ አንዱ አልጋውን ወደ ደቡብ ማዞር አለ። አልጋው በአንድ ክረምት ያልዞረበት አቅጣጫ አልነበረም፤ እግር ቢኖረው ኖሮ፣ ይቅርታ፣ እግርማ አለው፤ ልብ ቢኖረው ኖሮ ጥሎ ይጠፋ ነበር።

ከዚያ የደብሩ ንግሥ ደረሰ። ሕዝቡ ቅጥሩን ሞልቶታል። መሪጌታ በመቋሚያቸው ተደግፈው ቆመዋል፤ ዜማውን ማንሳት ያለባቸው እሳቸው ናቸው። ከበሮው ቆመ፤ ጸናጽሉ ቆመ፤ ሁሉም ጠበቀ። መሪጌታ ቆመው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ይህን ያዩት በግራ የቆሙት ተክለ ጊዮርጊስ ብቻ ነበሩ። ወዳጃቸው እንዳይዋረድ ብለው ዜማውን ቀስ አድርገው አነሱት፤ ረድፉ ተከተለ፤ በዓሉ አማረ። በዚያ ቀን ያ ዜማ ጎንደርን እንዴት እንዳስለቀሳት! ዛፍ ላይ የተቀመጠ ጥንብ አንሣ እንኳ ሥጋ ትቶ ገዳም ሊገባ አስቦ ነበር የሚሉ አሉ። መሪጌታ ሲነቁ ማሕሌቱ አልቋል፤ ሰው ሁሉ የግራጌታን እጅ እየሳመ ነው።

መሪጌታ አፍረው ጠበል ሄዱ፤ ከኮሶዬ ወረድ ብሎ ካለው ምንጭ አንድ ሱባኤ ያዙ። የዚያ ጠበል ሥርዓት ጥብቅ ነው። ጎሕ ሲቀድ ይገባሉ፤ ጥምጣም የለም፤ ጥላ የለም። ጠበል በጨርቅ አይታበስም፤ ሰውነት ላይ ይደርቃል እንጂ። ኮሶዬ ደግሞ ጠዋት ብርዱ ጥርስ ያለው ነው። ስለዚህ የተጠመቀ ሁሉ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ፣ ከአለቱ ላይ እንደ እንሽላሊት ተደርድሮ፣ ፀሐይዋን እስኪደርቅ ይሞቃል። መሪጌታም ተደረደሩ። ሱባኤው ሳይጋመስ እንቅልፍ መጣ፤ እንዴት ያለ እንቅልፍ! የጠበልተኛው ድንኳን ካስማ እስኪነቀል አንኮራፉ።

አጥማቂው፣ "የኔታ፣ የታሰረ ነገር ነበረብዎ፤ ተፈታ" አላቸው።

"ማነው ያሰረኝ?"

"የቅርብ ሰው ነው።"

አጥማቂ ሁልጊዜ የቅርብ ሰው ነው ይላል። የሩቅ ሰው በሽታን ይቅርና ሰላምታንም በስንት መከራ ነው የሚያደርሰው።

መሪጌታ ከጠበሉ በጀሪካን ቀድተው በጭነት ማኪና ወደ ከተማ ተመለሱ። ውሃውን አመጡ፤ አለቱንና ፀሐይዋን እዚያው ተዉ። ፐርሲያናው እንደተዘጋ፣ አምፖሉ እንደበራ፣ በየጠዋቱ አንድ ጣሳ ጠበል ይጠጣሉ። ጀሪካኑ ሳይጎድል እንቅልፉ ጠፋ።

አሁን ወሬው እንዴት እንደተወለደ ተመልከቱ። ጠበል ካዳነው በሽታው ድግምት ነው። ከከተማ ሲወጣ ተፈትቶ ሲመለስ ከታሰረ፣ አሳሪው ከተማ ውስጥ ነው። የቅርብ ሰው ነው ተብሏል። ሐብተ ማርያም ሲያንቀላፋ ማን ተጠቀመ? ሌላ አገር ሁለትና ሁለት አራት ይሆናል፤ እኛ ዘንድ ተክለ ጊዮርጊስ ሆነ። ያ ወዳጃቸውን ሊሸፍኑ ያነሱት ዜማ ምስክር ሆኖ ቆመባቸው።

መሪጌታ መጀመሪያ አላመኑም። በኋላ ግን እንቅልፍ ያጣ ሰው ምን የማያምነው አለ? አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሕዝቡ ገና ቅጥሩ ውስጥ ሳለ፣ ወደ ወዳጃቸው ቀርበው ቆሙ።

"ተክሌ፣ ምነው?"

"ምነው ምን?"

"ምን በደልኩህ? እንቅልፌን መልስልኝ።"

ግራጌታ ቀልድ መሰላቸው። "ያንተን እንቅልፍ ምን ላደርገው? የራሴንም አልቻልኩት። ሚስቴ ማንኮራፋትህ በዛ ብላ ጎረቤት ልታድር ነው።"

ሰው ሳቀ። መሪጌታ አልሳቁም።

"ፍታኝ" አሉ። "በሰው ፊት እለምንሃለሁ፤ ፍታኝ።"

ሳቁ ቀጥ አለ። የቤተ ክህነት ሰው የቤተ ክህነትን ሰው በታቦት ደጃፍ "ፍታኝ" ካለው፣ ዳኛም ምስክርም አያስፈልግም፤ ፍርዱ አልቋል።

"ሐብቴ" አሉ ግራጌታ ዝግ ብለው፣ "ይህን ቃል መልሰው።"

"አልመልስም።"

"በአኩፋዳችን ይዤሃለሁ፤ መልሰው።"

"ፍታኝ ብያለሁ!"

ግራጌታ መቋሚያቸውን አንሥተው ከቅጥሩ ወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኑሯቸው ምን ኑሮ ነበር! ዝክር ሲገቡ ሰው ቆቡን በሁለት እጁ ይይዛል፤ ፀጉሬን ይነቅሉኛል ብሎ። የቀመሱት ጠላ ለሌላ አይቀዳም። የልጅ እናት ባየቻቸው ቁጥር ልጇን በነጠላዋ ትሸፍናለች። ክረምቱ ሳይገባ ሚስታቸውንና መቋሚያቸውን ይዘው በጭነት ማኪና ተሳፈሩ። የሚስታቸው አገር ዛሪማ ነው፤ ከሊማሊሞ ማዶ፣ ቆላ። ሲሄዱ የሸኛቸው ሰው አልነበረም። መሪጌታ ቤታቸው ውስጥ ነበሩ፤ የማኪናውን ድምፅ ሰምተዋል።

አሳሪው ከሄደ እስሩ ሊላላ ይገባ ነበር፤ አልላላም። ከተማውም መልስ አላጣም፤ "ከዛሪማ በነፋስ ይልክበታል" አለ። ነፋሱ ሊማሊሞን ያን ሁሉ ጠመዝማዛ እንዴት ብሎ እንደሚወጣ የጠየቀ የለም። ከመሪጌታ የምሥራቅ መስኮት የቅጥሩ ጥግ ይታያል፤ እዚያ የግራጌታ ጎጆ ባዶዋን ቆማለች። እሷን ላለማየት መሪጌታ ፐርሲያናውን በምስማር መቱት። እንግዲህ አስቡት፤ በዘጉ ቁጥር እንቅልፍ ይርቃል፤ እንቅልፍ በራቀ ቁጥር ያን ወዳጅ ይረግማሉ፤ በረገሙ ቁጥር ይዘጋሉ። ዓመታት እንዲህ ሄዱ። ማሕሌቱን የሚመራ ሌላ ሰው ተተካ። መሪጌታ ስማቸው ብቻ መሪጌታ ሆኖ ከግድግዳ ሥር ተቀመጡ።

ያን መስኮት የከፈተው ምስጥ ነው። ምስጥ ማዕረግ አያውቅም። ፐርሲያናውን ከሥሩ በልቶ በልቶ አንድ ቀን ግማሹ መንገድ ላይ ወደቀ። አናጢው ነጋ ተጠርቶ መጣና የቀረውንም ነቅሎ ተሸከመው።

"የኔታ፣ ሐሙስ ይደርሳል" አለ።

"የትኛው ሐሙስ?"

"ሐሙስ ነዋ! ሐሙስ ስንት ነው?"

የነጋ ሐሙስ ስንት እንደሆነ ጎንደር ታውቃለች። ለአንድ ሙሽራ ሐሙስ አደርሳለሁ ያለው አልጋ የደረሰው ለልጁ ክርስትና ነው። መስኮቱ ባዶውን ወራት ቆመ።

ፀሐይ ገባች። ተራራውን እንዳለፈች ቀጥ ብላ የመሪጌታ ትራስ ላይ ነው የምታርፈው። ተቆጡ፤ ፊታቸውን ሸፈኑ፤ ነጋን ረገሙ። ነጠላ እንዲሰቀል አዘዙ፤ ነፋስ ጣለው። ቢቸግራቸው ተነሥተው በርጩማቸውን መስኮቱ ሥር አደረጉና ተማሪዎቹን እዚያ ያስተምሩ ጀመር። ቀን ማንቀላፋታቸው ቀነሰ። ከዚያ አንድ ጠዋት ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል እየሳቁ መጡ።

"አንቱ፣ ሌሊት አንኮራፉ እኮ!"

"ውሸት።"

"በማርያም! ድመቷ ቤቱን ለቃ ወጣች።"

መሪጌታ በርጩማው ላይ ተስተካክለው ተቀመጡ። ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ቀጠሉ፤ "እንግዲያው ተክለ ጊዮርጊስ ፈታልዎ ማለት ነው?"

"ንስሐ ገብቶ ይሆናል" አሉ መሪጌታ፤ ይቅር የማለት ትዕቢት ትንሽ ሞቅ አድርጓቸው።

ነጋ ከስንት ሐሙስ በኋላ ፐርሲያናውን አረንጓዴ ቀለም ቀብቶ አመጣው። ተሰቀለ፤ ተዘጋ፤ ጎረቤት አደነቀ። ሳምንትም አልቆየ፣ እንቅልፉ በመጣበት ሄደ።

ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ቀልድ አያልፋቸውም። "እንግዲህ አሳሪዎ አናጢው ነው! ነጋ ሲነቅል ይፈታሉ፤ ነጋ ሲሰቅል ይታሰራሉ።"

መሪጌታ አልሳቁም። ተነሥተው መዝጊያውን ከፈቱ። ከጥቂት ቀን በኋላ ተኙ። እንደገና ዘጉት፤ ጠፋ። ከፈቱት፤ መጣ። የኮሶዬ አለት ትዝ አላቸው፤ የቅጥሩ ሥር ድንጋይ ትዝ አላቸው። ከዚያ በመስኮቱ ባዶዋን ጎጆ አዩ። ሣሯ ረግፎ ወጋግራዋ ብቻ ቀርቷል። ዕንባቸው ወረደ፤ ሚስታቸው ጨረሩ የወጋቸው መስሏቸው መዝጊያውን ሊመልሱ ተነሡ።

"ተዪው" አሉ መሪጌታ። "ጠዋቱን አልቀበልም ብሎ በር የዘጋ ሰው፣ ሌሊቱን በምን ፊቱ ይለምናል? እኔ ግን የተጣላሁት ከሰው ጋር ነው።"

በዚያው ሳምንት በእህል ማኪና ላይ ተሳፍረው ሊማሊሞን ወረዱ። ዛሪማ ሲደርሱ ተክለ ጊዮርጊስ ከአንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ዛፍ ሥር፣ የደወል ገመድ ሲቋጥሩ አገኟቸው።

ግራጌታ ቀና ብለው አዩ። "ሐብቴ! ከሳህ።"

"አንተም ጠቆርክ።"

"ዛሪማ ነዋ። እዚህ ሰው ፀሐይ አይሞቅም፤ ፀሐይዋ ናት ሰውን የምትሞቀው።"

ተሳሳሙ። መሪጌታ መቀመጥ አልቻሉም፤ እንደቆሙ ሁሉንም ተናገሩ፤ ፐርሲያናውን፣ ምስጡን፣ ነጋን፣ አለቱን። ሲጨርሱ ከጉልበታቸው ተንበረከኩ። "አንተ የለህበትም ተክሌ። ይቅር በለኝ። ተነሥ ወደ ደብርህ እንሂድ፤ ያልኩህን በተናገርኩበት ቦታ ቆሜ እመልሰዋለሁ።"

ግራጌታ ገመዱን ቋጠሩ፤ ፈቱት።

"አስሬሃለሁ" አሉ በመጨረሻ።

"ምን አልክ?"

"ያን ንግሥ ቀን፣ መቋሚያህ ላይ ያንቀላፋህ ዕለት። ዜማውን ያነሳሁት ላንተ ብዬ ነው። ትንሽ እንደሄድኩ ግን ጣፈጠኝ፤ ሕዝቡ ሁሉ ወደኔ ዞረ። ያኔ በልቤ 'ይተኛ፤ አይንቃ' አልኩ። ኋላ አንተ 'ፍታኝ' ስትለኝ፣ ለካ በዚህ ነው ያሰርኩት አልኩ።"

"ይህማ ሐሳብ ነው! ሰው በሐሳብ ይታሰራል?"

"ንስሐ አባቴ ቀኖና ሰጡኝ። ጸናጽል እንዳልጨብጥ፣ ዜማ እንዳላነሳ። ጊዜው ካለቀ በኋላም እኔው ቀጠልኩት። ያንተ እንቅልፍ ሳይመለስ የኔ ድምፅ ምን ፊት አለው ብዬ።"

"ተክሌ፣ እንጨት ነው! ምስጥ የበላው እንጨት!"

ግራጌታ ሳቁ። "ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ በእንጨት ልትምረኝ መጣህ?"

መሪጌታ ለመኑ፤ ማሉ፤ ተገዘቱ። ግራጌታ እንደማይመለሱ ሲረዱ፣ "እሺ፣ አንዲት ሐረግ ብቻ በልልኝና ልሂድ" አሉ። ግራጌታ ገመዱን ትተው ቆሙ። አፋቸውን ከፈቱ። ሳል መጣ። ከሳሉ በኋላ ሌላ ነገር አልመጣም። ጥንብ አንሣውን ገዳም ሊያስገባ የነበረው ድምፅ የለም። ግራጌታ በእጃቸው ጉሮሯቸውን ዳሰሱ፤ ያስቀመጡትን ዕቃ እንዳጣ ሰው ትንሽ ፈለግ አደረጉት።

ማኪናው ጥሩምባውን ሲነፋ መሪጌታ ተነሡ።

"በል ሐብቴ፣ በደህና ተኛ" አሉ ግራጌታ። ነገር አልነበረበትም፤ ከልባቸው ነው። የከፋውም እሱ ነው።

መሪጌታ ጎንደር እንደተመለሱ እውነቱን በየደጃፉ ይናገሩ ጀመር። በቅጥሩ ውስጥ፣ ያን ቃል በተናገሩበት ቦታ ቆመው ተናገሩ። ሰው አዳመጠ፤ ራሱን ነቀነቀ፤ አላመነም። "ታርቀው ነው፤ ሊሸፍንለት ነው" አለ። "የጠዋት ፀሐይ ነው የጎደለኝ" ሲሉት ሰው ሳቀ። ፀሐይ በነፃ ናት፤ በነፃ የሚገኝ መድኃኒት ማን ያከብራል? ቀንድ ውስጥ የገባ ፀጉር ይሻላል፤ ይወራል፤ ያድጋል። ይባስ ብሎ አንዱ፣ "አያችሁ፣ እንቅልፉን ፈትቶ ምላሱን አሰረው፤ ይኸው ለአሳሪው ይመሰክራል" አለ። ሰውየው ባስተባበሉ ቁጥር ወሬው ወፈረ።

ፐርሲያናው ዛሬ ከዶሮ ቤቱ ላይ ተጋድሟል። መሪጌታ በየጠዋቱ ከመስኮታቸው ሥር ይቀመጣሉ፤ ጥላ አይዙም። ማታ ይተኛሉ፤ ሸጋ አድርገው። ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል እንደነገሩኝ፣ ሲነቁ ግን የሌላ ዕቃ ተውሶ እንዳሳደረ ሰው ያፍራሉ።

ባለፈው ሰሞን ቡና ቤት ተቀምጠናል። ክንዱ የሚባል ጨርቅ ነጋዴ ከደባርቅ መጥቶ ጎንደርን በጎንደር ወሬ ሊያስደምም ተነሥቷል። ቀንዱ የጎሽ፣ ፀጉሩ ጉንጉን፣ ዓሣው አንኮራፊ፣ ሁሉም በየቦታው ነው። አንድ አዲስ ነገርም ጨምሯል፤ ግራጌታው ዛሪማ ውስጥ የጎንደርን ሰው እንቅልፍ በጆንያ አከማችቶ በሰፌድ እየሰፈረ ይሸጣል። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። መሪጌታ ከጎኑ ካለው ጠረጴዛ ነበሩ፤ ነጋዴው አያውቃቸውም።

"እውነት ነው እንጂ የኔታ?" አላቸው፣ ሽበታቸውን አይቶ ምስክር ፈልጎ። "አንቱ የድሮ ሰው ነዎት፤ ሳይሰሙ አይቀሩም።"

መሪጌታ ፍንጃላቸውን አስቀምጠው ተነሡ። ሳቁ ገና አልበረደም።

"ውሸት ነው" አሉ። "ቀንድ የለም። ፀጉር የለም። ወንዝ የገባ ነገር የለም። ተክለ ጊዮርጊስ ማንንም አላሰረም፤ እኔንም ማንም አላሰረኝም። መስኮቴን ዘግቼ የተቀመጥኩት ራሴ ነኝ።"